ባንዱን ያስመጣው የአድናቂው ኪስ

የሙዚቃ ፌስቲቫል ስፖንሰር ሲባል ለብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው የቢራ፣ የለስላሳ መጠጥ ወይም የስልክ ኩባንያ ምልክት ነው። በመድረኩ ጀርባ በትልቅ ሸራ ይሰቀላል፤ በትኬቱ ላይ ይታተማል፤ የመድረክ መሪውም በየዘፈኑ መሀል ስሙን ይጠራል። በአሜሪካና በአውሮፓ በሚካሄዱ አንዳንድ አነስተኛ ፌስቲቫሎች ግን ከባንዱ ስም ጎን የሚነበበው የኩባንያ ሳይሆን የግለሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። ሰውየው የሚሸጠው ዕቃ የለውም፤ የሚያስተዋውቀው ሱቅም የለውም። ባንዱን ስለሚወድና ሌላ ሰው እስኪያስመጣለት መጠበቅ ስለሰለቸው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለ አድናቂ ነው።

ነገሩ ለነጋዴ ጆሮ እንግዳ ነው። ትኬቱን ገዝቶ መግባት የሚችል ሰው የአንድ ሺህ ሌሎች ተመልካቾችን ወጪ የሚጋራው ምን አግኝቶ ነው? ከበሩ ገቢ ድርሻ የለውም፤ ባንዱ ነገ ታዋቂ ቢሆን የሚቆጠርለት አክሲዮን የለም። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ያህል ላይገርመው ይችላል። አዝማሪው ግንባር ላይ ብር የሚለጥፈው እንግዳ ለራሱ ብቻ የሚሰማው ዘፈን አይገዛም፤ ግጥሙንም መሰንቆውንም ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል። የሸላሚው ትርፍ ስሙ መጠራቱና ጨዋታው መቀጠሉ ነው። ልዩነቱ፣ በእኛ አዝማሪ ቤት ሽልማቱ የሚወጣው ጨዋታው ከተሰማ በኋላ ሲሆን በፌስቲቫሉ ግን ገንዘቡ የሚከፈለው ባንዱ ከአውሮፕላን ሳይወርድ፣ አንዳንድ ጊዜም ትኬቱ ሳይቆረጥ መሆኑ ነው። የጉዳዩ አደጋም ሆነ ትምህርት ያለው እዚሁ የጊዜ ልዩነት ላይ ነው።

60 ሺህ ዶላር በአደራ

የአሠራሩ ታሪክ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ማሪሊየን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ነው። ማሪሊየን በ1980ዎቹ በአውሮፓ ትልልቅ አዳራሾችን የሞላ ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ከትልቁ አሳታሚው ከኢ.ኤም.አይ. ጋር ተለያየና ወደ አነስተኛ ኩባንያ ዞረ። በ1997 አዲስ አልበም ሲያወጣ የአሜሪካ አድናቂዎቹ መቼ ትመጣላችሁ እያሉ ይጠይቁ ነበር። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ማርክ ኬሊ የሰጣቸው መልስ የሂሳብ ሠራተኛ መልስ ነበር፤ ባንዱ አሜሪካን ዞሮ ቢጫወት 60 ሺህ ዶላር ያህል ይከስራል፤ ኪሳራውን የሚሸፍን ኩባንያ ደግሞ የለም አላቸው።

አድናቂዎቹ ያደረጉት ነገር በወቅቱ ያልተለመደ ነበር። በኢንተርኔት ተነጋግረው የአደራ ሂሳብ ከፈቱ፤ ባንዱ እጁን ሳያስገባበት በራሳቸው ፈቃድ ማዋጣት ጀመሩ። የተባለው 60 ሺህ ዶላር ገደማ ተሰበሰበ፤ ማሪሊየንም በዚያው ዓመት አሜሪካን ዞረ። ያዋጡት ሰዎች ለኮንሰርቱ መግቢያ ደግሞ ሌላ ትኬት ገዝተዋል። የመጀመሪያው ገንዘብ የኪሳራ መሸፈኛ እንጂ የመግቢያ ዋጋ አልነበረምና።

ሁለት ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ የጎደለው ገንዘብ በቁጥር ታውቆ ነበር። «እርዱን» ሳይሆን «ይህን ያህል ይጎድላል» ነው የተባለው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በባንዱ ኪስ አልገባም፤ ጉዞው እስኪረጋገጥ በአደራ ተቀምጧል። በዕቁብ ቋንቋ ብንናገር፣ ዳኛና ፀሐፊ ነበረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ መስክ የተሳካውንና የከሸፈውን የሚለዩት በአብዛኛው እነዚሁ ሁለት ነጥቦች ናቸው።

ማሪሊየን ራሱ ትምህርቱን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2001 ሌላ እርምጃ ሄደ። ገና ያልተቀዳ አልበም ለአድናቂዎቹ አስቀድሞ ሸጠ። ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ከፈሉ፤ ባንዱም የቀረጻውን ወጪ ከአሳታሚ ሳይበደር ሸፈነ፤ የሥራው ባለቤትነትም በእጁ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከኢ.ኤም.አይ. ጋር የተነጋገረው ስለ ማከፋፈል ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ያሰናበተው ኩባንያ አከፋፋዩ ሆነ ማለት ነው። አስቀድመው ለከፈሉ አድናቂዎች የተሰጣቸው ማካካሻ በአልበሙ መጽሐፍ ላይ ስማቸው መታተሙ ነበር።

የአንድ ባንድ ሂሳብ

ከአልበሙ ወደ ፌስቲቫሉ እንመለስ። በአሜሪካ ፕሮግፓወር ዩ.ኤስ.ኤ. የሚባል የሄቪ ሜታል ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2001 በኢሊኖይ ግዛት ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ወደ አትላንታ ተዛወረ። አዳራሹ አንድ ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ ነው። የሚያስመጣቸው ባንዶች ብዙዎቹ ከስዊድን፣ ከፊንላንድ፣ ከጀርመን፣ ከጣሊያን ናቸው፤ በአገራቸው ስም ያላቸው፣ በአሜሪካ ግን ሬዲዮ የማያውቃቸው። እንዲህ ያለ ፌስቲቫል የቢራ ኩባንያ አይማርከውም። በዚህ ፌስቲቫል በተጋበዙት ባንዶች ላይ ስማቸውን እያኖሩ በስፖንሰርነት ሲከፍሉ የኖሩት አድናቂዎች ናቸው።

ለምን እንደሚያስፈልጉ ለማየት የአንድ ባንድ ሂሳብ መሥራት ይጠቅማል። ከመንግሥት ክፍያዎቹ በስተቀር ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

አምስት አባላት ያሉት ባንድ ከአውሮፓ ሊመጣ ነው እንበል። አሜሪካ ለመጫወት የቱሪስት ቪዛ አይበቃም። ፒ-1 የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ጋባዡ አስቀድሞ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በተሻሻለው ተመን የዚህ ማመልከቻ ክፍያ ከ460 ወደ 1,015 ዶላር አድጓል፤ ሠራተኞቹ ከ25 የማይበልጡ አነስተኛ ጋባዥ 510 ይከፍላል። በዚያ ላይ የጥገኝነት ጉዳዮችን ወጪ ለመሸፈን ተብሎ የተጨመረ 600 ዶላር አለ፤ ለአነስተኛው 300 ነው። የስዊድን ጊታር ተጫዋች ለጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳይ ለምን እንደሚከፍል ሕጉን ያወጡት ያውቃሉ። እንግዲህ አነስተኛው ጋባዥ 810 ዶላር ከፈለ። አምስቱ ሙዚቀኞች በኤምባሲ ለእያንዳንዳቸው 205 ዶላር ይከፍላሉ፤ 1,025 ሆነ። የድምፅ ባለሙያቸውን ይዘን እንመጣለን ካሉ ለእርሱ ሌላ ማመልከቻ ከነክፍያው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ይቅርና ከዚያው ይቀጠር።

የአውሮፕላን ትኬት በሰው 1,000 ዶላር ብንይዝ 5,000 ነው። ሦስት ክፍል ለሦስት ሌሊት በ150 ዶላር ሂሳብ 1,350። ከበሮና ማጉያ ኪራይ 1,500። ለባንዱ የሚከፈል 4,000። ድምሩ 13,685 ዶላር ይመጣል።

ገቢውስ? የፌስቲቫሉ ትኬት 150 ዶላር ነው እንበል። ባንዱ በመምጣቱ ብቻ የሚመጡ፣ እርሱ ባይኖር ቤታቸው የሚቀሩ ሰዎች 80 ናቸው ብንል 12,000 ዶላር ይሆናል። የጎደለው 1,685 ነው። አዘጋጁ ልበ ሙሉ ካልሆነ በዚህ ጊዜ ባንዱን ይሰርዘዋል። አራት አድናቂዎች 500፣ 500 ዶላር ቢያመጡ ግን 2,000 ሞላ፤ ባንዱ ይመጣል፤ 315 ዶላርም ይተርፋል።

አሁን ደግሞ የቪዛው ማመልከቻ ዘገየ እንበል። ጉዳዩ ቶሎ እንዲታይ የሚከፈለው ተጨማሪ ክፍያ በ2024 ተመን 2,805 ዶላር ነበር። ወጪው ወደ 16,490 ይወጣል፤ ጉድለቱ 4,490 ይሆናል። አራቱ አድናቂዎች አይበቁም፤ ዘጠኝ ያስፈልጋሉ። ሙዚቃው አልተለወጠም፤ ባንዱም አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ የቢሮ ወረቀት የሚጨርስበት ጊዜ ነው። የእንዲህ ያሉ ፌስቲቫሎች ዕጣ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ወጪ እንጂ በሙዚቀኛው ደመወዝ አይደለም።

ሙዚቀኛው ራሱ ምን ይዞ ይመለሳል ለሚልም መልሱ አያስደስትም። በአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ሙዚቀኛ ከሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 30 በመቶ በከፋዩ ተቀንሶ ለታክስ ይቀመጣል፤ ከአንዳንድ አገሮች ጋር ያለው የታክስ ስምምነት ወይም ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ጋር አስቀድሞ የሚደረግ ውል ካላቃለለው በስተቀር። ከ4,000ው 1,200 ሲቀነስ 2,800 ይቀራል፤ ለአምስት ሲካፈል በሰው 560 ዶላር። ከመድረኩ ጎን ጠረጴዛ ዘርግተው ካናቴራ የሚሸጡት ለጌጥ አይደለም።

ድሩን ማን ይጀምረዋል?

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የአድናቂ ስፖንሰርነት የሚፈታው አንድ ችግር፣ የሚያመጣው ደግሞ ሌላ ችግር አለ።

የሚፈታው ይህን ነው። ትኬቱ ለሁሉም 150 ዶላር ሲሆን ከተመልካቾቹ መካከል ያንን ባንድ ለማየት 700 ዶላር ቢጠየቅ የሚከፍል ሰው ይኖራል። 150 ከፍሎ ይገባል፤ 550ው በኪሱ ይቀራል። የሸማች ትርፍ የሚባለው ይህ ነው። አዘጋጁ ገንዘቡን ለማግኘት የሁሉንም ትኬት ቢያስወድድ ተማሪውን ያባርራል። ስፖንሰርነቱ ግን ተማሪው በ150 እንዲገባ ትቶ፣ ያለውና የወደደው በገዛ ፈቃዱ ተጨማሪ እንዲያወጣ በር ይከፍታል። ነጋዴ በየቀኑ የደንበኛውን ፊት እያየ የሚያደርገውን የዋጋ ልዩነት እዚህ ደንበኛው ራሱ ያደርገዋል፤ ያውም አመስግኖ።

ችግሩ ያለው ሁሉም የሚሰማው ነገር በመሆኑ ላይ ነው። የከፈለውም ያልከፈለውም ያንኑ ሙዚቃ ይሰማል። ስለዚህ እያንዳንዱ አድናቂ ሌላው ይክፈል ብሎ መጠበቁ ከሂሳብ አንፃር ትክክል ነው፤ ሁሉም ትክክል ሲሆን ባንዱ አይመጣም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ክር የሚያወጣው ሰው ግን ሌሎቹ ባይከተሉት ክሩ ብቻውን እንደሚቀር ያውቃል።

መፍትሔ ተብለው የተሞከሩት መንገዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የተቋቋመው ኪክስታርተር የተጠቀመበት፣ ግቡ ካልሞላ ከማንም ሰው ሂሳብ ላይ ገንዘብ አይወሰድም የሚለው ደንብ ነው። ይህ የመጀመሪያውን ሰው ፍርሃት በግማሽ ያቃልለዋል። ድርጅቱ ግቡ ከተሳካ ከተሰበሰበው 5 በመቶና የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ይወስዳል። በፌስቲቫሎቹ ዘንድ የሚዘወተረው ሌላው መንገድ ቦታውን ማሳነስ ነው። ለአንድ ባንድ የሚፈቀደው የስፖንሰር ቁጥር ጥቂት ከሆነ የቀደመ ያገኛል፤ ሲጠብቅ የነበረው ይሽቀዳደማል። በምላሹ የሚሰጠው ነገርም እንዲሁ ለማንም የማይበቃ መሆን አለበት። ስም በፕሮግራሙ ላይ ማተም፣ ከባንዱ ጋር ፎቶግራፍ መነሳት፣ ከመድረኩ አጠገብ የተሻለ ቦታ ማግኘት፣ የተፈረመበት ፖስተር መውሰድ የተለመዱት ናቸው። ለአዘጋጁ የሚያስወጡት ጥቂት ሲሆን ለአድናቂው ግን በገንዘብ ሊገዛቸው የማይችላቸው ናቸው። አትራፊ ሸቀጥ ማለት ይህ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ያልፋል። ፌስቲቫሉ የባንዶቹን ዝርዝር አስቀድሞ አስታውቆ ከዚያ በኋላ ስፖንሰር ፈልጎ ከሆነ፣ አድናቂው ባንዱን አስመጣሁ ማለት ይችላል? ውሉ ተፈርሟል፤ ባንዱ ያለ እርሱም ሊመጣ ነው። በትክክለኛው አነጋገር የአድናቂው ገንዘብ የሸፈነው የፌስቲቫሉን ጉድለት እንጂ የዚያን ባንድ ጉዞ አይደለም። ይህ ግን እንደ ማታለል የሚቆጠር አይደለም፤ እንዲያውም ይሻላል። ምርጫው በአዘጋጁ እጅ ይቀራል፤ ብር ያለው ሁሉ ወዳጁን መድረክ ላይ አያወጣም። ገንዘብ የከፈለ ባንድ ይምረጥ የተባለ ዕለት ፌስቲቫሉ የሠርግ ቤት ይሆናል። ሆኖም ከፋዩ ምን እየገዛ እንደሆነ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ከኩባንያ ስፖንሰር ጋር ሲወዳደርም አድናቂው የራሱ ጥንካሬ አለው። ኩባንያ የሚከፍለው ለሕዝቡ ብዛት ነው። ሕዝቡ ካስቀየመው ወይም ስሙ ላይ ጥላ የሚጥል ነገር ከመጣ ይወጣል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በሄይኒከን ባለቤትነት ሥር የነበረው በደሌ ቢራ የቴዲ አፍሮን ተከታታይ ኮንሰርት ስፖንሰር ለማድረግ ገብቶት የነበረውን ውል፣ ቢራው እንዳይጠጣ የተቃውሞ ዘመቻ ከተካሄደበት በኋላ ማቋረጡን አስታውቋል። አድናቂ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም፤ የሚጠብቀው የገበያ ድርሻ የለውምና። ድክመቱ ሌላ ነው፤ አቅሙ ትንሽ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ሊወልድ፣ ከሥራ ሊወጣ ወይም ባንዱ ሊሰለቸው ይችላል።

ስፖንሰር፣ ቅድመ ገዢ ወይስ ባለ ድርሻ?

የዚህ ገጽ አንባቢ ዋና ጥያቄ ይህ ሊሆን ይችላል። ከሙዚቃ አድናቂ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሦስት መልክ አለው። ስጦታ ሊሆን ይችላል፤ ቅድመ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ ኢንቨስትመንት ሊሆን ይችላል። ሦስቱን የሚያደባልቅ ሰው ገንዘቡን ያጣል።

ኢንቨስትመንት የሆነውን ለማየት ዴቪድ ቦዊን መመልከት ይበቃል። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ማሪሊየን አሜሪካ በዞረበት በዚያው በ1997 ከቀድሞ አልበሞቹ ወደፊት የሚያገኘውን የሮያሊቲ ገቢ ዋስትና አድርጎ የ55 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አወጣ። ወለዱ በዓመት 7.9 በመቶ፣ ዘመኑ 10 ዓመት ነበር። ሙሉውን የገዛው ፕሩደንሻል የተባለው የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። በ2004 ሙዚቃ በኢንተርኔት በነፃ መዘዋወሩ የሲዲ ሽያጭን ሲጎዳ ሙዲስ የቦንዱን ደረጃ ዝቅ አድርጎ ለኢንቨስትመንት ብቁ ከሚባሉት የመጨረሻው እርከን ላይ አስቀመጠው። ቦንዱ በ2007 ተከፍሎ ተዘጋ። እዚያ ውስጥ አድናቂ አልነበረም። የነበረው የገቢ ታሪክ፣ ዋስትና፣ ወለድና ደረጃ መዳቢ ነው። ገዢው ዘፈኖቹን ሰምቷቸው ይሁን አይሁን ለሂሳቡ ለውጥ አያመጣም።

ሁለቱን ለማጋባት የሞከረው ሴላባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓ የተቋቋመው ይህ ድርጅት የባንዶችን ድርሻ በ10 ዶላር ለአድናቂዎች ይሸጥ ነበር። 50 ሺህ ዶላር የሞላለት ባንድ አልበም ይቀርጻል፤ አድናቂዎቹም ከገቢው ይካፈላሉ። ኔሜሲያ የተባለው የሆላንድ ባንድ በዚያው ዓመት ግቡን መታ። ሐሳቡ ያምራል፤ ነገር ግን 50 ሺህ ዶላር የወጣበት የማይታወቅ ባንድ አልበም ወጪውን መልሶ ትርፍ የሚያካፍለው ስንት ጊዜ ነው? ሴላባንድ በ2010 መጀመሪያ ለኪሳራ ተዳርጎ በሌሎች ባለሀብቶች ተገዛ።

ከዚህ የባሰው የፕሌጅሚውዚክ ነገር ነው። በ2009 የተመሠረተው ይህ ድርጅት 15 በመቶ እየወሰደ የአድናቂዎችን ቅድመ ክፍያ ለሙዚቀኞች ያስተላልፍ ነበር። ማሪሊየንም ራሱ በ2016 ላወጣው አልበም ተጠቅሞበታል። በ2018 መጨረሻና በ2019 መጀመሪያ ሙዚቀኞች ገንዘባችን አልደረሰንም ማለት ጀመሩ። በሐምሌ 2019 ድርጅቱ በለንደን ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲፈርስ ተደረገ። አድናቂው ከፍሏል፤ ሙዚቀኛው አልተከፈለውም፤ አልበሙን ግን ለአድናቂው የማድረስ ዕዳ ያለበት ሙዚቀኛው ነው። ስሙ የሚጠፋው እርሱ ነውና አንዳንዶቹ ከራሳቸው ኪስ ቀርጸው ላኩ። የ1997ቱ የአደራ ሂሳብ ከዚህ ጋር ሲነፃፀር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይታያል። ያን ጊዜ ማንም ባለሙያ አልነበረም፤ ገንዘቡ ግን ተለይቶ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ አንድ ፌስቲቫል ወይም አዘጋጅ ባንድ ስፖንሰር አድርጉ ሲል ቀድሞ የሚጠየቀው ገንዘቡ በማን ስም ሂሳብ ውስጥ እንደሚገባ ነው። ቀጥሎ ባንዱ ቢቀር ምን ይሆናል የሚለው ነው። ባንድ ይቀራል፤ ከበሮ መቺው ቪዛ ይከለከላል፤ ዘፋኙ ድምፁ ይዘጋል። ገንዘቡ ይመለሳል፣ ለሌላ ባንድ ይተላለፋል ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዛል? እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የዓለምን ፌስቲቫሎች ሲዘጋ ይህን አስቀድሞ በወረቀት ያላሰፈረ ሁሉ ተቸገረ። የጀርመኑ ታላቅ የሜታል ፌስቲቫል ቫከን እንኳ በ2020ም በ2021ም ተሰርዞ የተመለሰው በ2022 ነው። ሁለት ዓመት የተቀመጠ የአድናቂ ገንዘብ ማለት ለአዘጋጁ ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር ማለት ነው።

የታክሱም ነገር አለ። በአሜሪካ ለትርፍ ለተቋቋመ ፌስቲቫል የተሰጠ ገንዘብ እንደ በጎ አድራጎት ስጦታ ከታክስ አይቀነስም። ነጋዴ በድርጅቱ ስም ከፍሎ የድርጅቱን ስም ካሳተመ የማስታወቂያ ወጪ ነው ሊል ይችላል፤ በግል ስሙ የከፈለ አድናቂ ግን የመዝናኛ ወጪ እንዳወጣ ይቆጠራል። አንዳንድ ባለ ሱቆች የሱቃቸውን ስም ከባንዱ ሥር የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ቢሆን አይገርምም።

ወደ እኛው ገበያ

የአማርኛ ዘፋኞችን ወደ አሜሪካ የሚያስመጡ አዘጋጆችም በዚሁ የቪዛ መንገድ ነው የሚሄዱት። ለእነርሱ የሚመቸው ፒ-3 የተባለው፣ ልዩ ባህላዊ ይዘት ላለው ዝግጅት የሚሰጠው ነው፤ የማመልከቻ ክፍያው ከፒ-1 እኩል ነው። ዋሺንግተን ወይም ዳላስ የሚኖር አዘጋጅ ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው በበሩ ትኬት፣ በልዩ ጠረጴዛ ሽያጭና በአካባቢው ባሉ የአበሻ ምግብ ቤቶችና ድርጅቶች ማስታወቂያ ነው። ልዩ ጠረጴዛው ከአድናቂ ስፖንሰርነት ሩቅ አይደለም፤ የሚለየው ገዢው ለወንበርና ለመጠጥ ከፍያለሁ ማለቱ ነው። በጉድለቱ ቁጥር ላይ ተነጋግሮ፣ ገንዘቡን በአደራ አስቀምጦ ዘፋኝ ማስመጣት ግን ገና ልማድ አልሆነም። ለትልቁ ዘፋኝ አያስፈልግም ይሆናል። አዳራሽ ለማይሞላው የመሰንቆና የበገና ተጫዋች ግን አራት መቶ እርግጠኛ አድማጭና አሥር ስፖንሰር ከአንድ የቢራ ኩባንያ ይልቅ የሚታመን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ የኮንሰርት አዘጋጆች የቢራ ገንዘብ እንደ ድሮው እንደማይፈስላቸው ተረድተዋል። አድናቂው ዘንድ መሄድ የሚፈልግ አዘጋጅ ቢኖር መስመሩን ከወዲሁ ማወቅ አለበት። ስምህን በፖስተሩ ላይ አሳትማለሁ፣ ከዘፋኙ ጋር አስተዋውቅሃለሁ ብሎ ገንዘብ መቀበል ተራ የንግድ ውል ነው። ከኮንሰርቱ ትርፍ ይህን ያህል በመቶ አካፍልሃለሁ ብሎ ለሕዝብ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 በሃዊ ጉዳይ የወሰነው መለኪያ በዓለም ላይ ይጠቀሳል፤ ሰው ገንዘቡን በጋራ ሥራ ላይ አውሎ በሌላ ሰው ድካም ትርፍ የሚጠብቅ ከሆነ ያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ነው። በእኛም አገር የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣና የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለሕዝብ የሚቀርብ ድርሻ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አለው። አድናቂዎችን ሰብስቦ አክሲዮን የሚመስል ወረቀት የሚያድል የኮንሰርት አዘጋጅ ሊያነጋግር የሚገባው ጠበቃ ነው፤ ደላላም ቢሆን በዚህ ወረቀት ላይ ስሙን ከማስገባቱ በፊት ሁለት ጊዜ ቢያስብ ይመረጣል።

ማሪሊየን በበኩሉ ከ2002 ጀምሮ የራሱን የአድናቂዎች ፌስቲቫል ማዘጋጀት ጀመረ። መጀመሪያ በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በሚገኝ የመዝናኛ ሰፈር ነበር፤ በኋላ በሆላንድ ፖርት ዜላንድ በተባለ ቦታ ሆነ። አድናቂው የሚከፍለው ለሦስት ሌሊት መኝታና ለሦስት ቀን ሙዚቃ ነው፤ የሚከፍለውም አስቀድሞ ነው። ባንዱ መድረክ ላይ ሲወጣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ያውቃል፤ ወጪው ተሸፍኗል፤ በመድረኩ ጀርባ የተሰቀለ የቢራ ምልክትም አያስፈልገውም።